ባሕሩ ከቤታችን አሥር ደቂቃ ነው

እንደምን አመሻችሁ። ከዚሁ ከሲያትል ዙሪያ፣ ከኬንትም ከሲታክም የመጣችሁ፣ ዩኒፎርማችሁን ሳታወልቁ ከሥራ ቀጥታ የመጣችሁም አላችሁ፣ እኔም ከኤርፖርት ሺፍቴ ነው የመጣሁት። አዘጋጆቹ አሥር ደቂቃ ሰጥተውኛል፣ የሐበሻ አሥር ደቂቃ እንዳታደርገው ብለውም አስጠንቅቀውኛል።

ኮሚኒቲ ኮሌጅ ማሪን ባዮሎጂ እየተማርኩ ነው ስል አክስቴ ማሪን የሚለውን ሰምታ ወታደር የገባሁ መስሏት ለኪዳነ ምሕረት ጥላ ተስላ ነበር። ኧረ የባሕር ውስጥ ፍጥረት ነው የማጠናው ስላት ደግሞ "ባሕር የሌለው አገር ልጅ ሆነህ?" አለችኝ። እትዬ፣ እኛ እኮ የባሕር ዳር ልጆች ነን!

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ህልም ምናምን አልነበረኝም። እንደ ሁላችንም ነርሲንግ ልገባ ነው የተመዘገብኩት፣ አንድ የሳይንስ ክላስ ጎደለኝና ከሥራ ሰዓቴ ጋር የገጠመው እሱ ብቻ ሆነ። የሃይላይን ኮሌጅ የባሕር ሳይንስ ማዕከል ሬዶንዶ ነው፣ ከውሃው በላይ ምሰሶ ላይ የተሠራ፣ ውስጡ 3,000 ጋሎን የሚይዝ አኳሪየም ያለው፣ ውሃውም ከዛው ከፒውጄት ሳውንድ፣ ሲያትል አጠገብ ካለው ባሕር፣ የሚሳብ። ስድስት ዓመት በዛ መንገድ ተመላልሻለሁ፣ አንድ ቀን ወርጄ ውሃውን ነክቼው አላውቅም ነበር።

ማሪን ባዮሎጂ ሲባል ዶልፊን ጋር መዋኘት የሚመስላችሁ ካላችሁ ይቅርታ። የመጀመሪያው ሥራዬ ቆጠራ ነው። ድንጋዩ የሚገለጠው ባሕሩ ከዳር ሲሸሽ ነው፣ እዚህ ክረምት ላይ በጣም የሚሸሸው ማታ ነው፣ በጋ ላይ ደግሞ ቀን ወደ እኩለ ቀን አካባቢ፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትጠፋ ደግሞ ይብሳል። እና ጥር ላይ በውድቅት ሌሊት፣ ግንባሬ ላይ ባትሪ አስሬ፣ ቦቲዬ ውሃ ገብቶበት እየተንቋቋ፣ ከፒቪሲ ቱቦ የተሠራ አራት ማዕዘን ፍሬም ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ውስጡ ያለውን ባርናክል ስቆጥር አመሸሁ። ነጭ ትንንሽ ነገር ነው፣ እንደ ተሰበረ ጥርስ ድንጋዩ ላይ የተለጠፈ። የሸርጣን ዘመድ ነው። ልጅ እያለ ይዋኛል፣ ከዛ ቦታ ይመርጥና ራሱን በጭንቅላቱ በኩል ድንጋይ ላይ ለጥፎ ቤት ይሠራል፣ ዕድሜ ልኩን እግሩን እያወጣ ምግብ ወደ አፉ ይጠርጋል። ይሄን ለእናቴ በስልክ ስነግራት "ታዲያ ከወንበሩ የማይነሳ ሹም በለው እንጂ" አለችኝ።

ኬሚስትሪ መጀመሪያ ወድቄያለሁ፣ ሌሊት ሠርቼ ጠዋት ክላስ ላይ ስለምተኛ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሂሳቡም ፊዚክሱም አለ፣ ወላጆች ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ለማድረግ እነዚህን ነው የሚጠይቁት። አንድ ነገር ግን ስሙኝ፣ 11ኛና 12ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ራኒንግ ስታርት የሚባል አለ፣ ሃይስኩል እያሉ ኮሌጅ ክላስ ይወስዳሉ፣ ለትምህርቱ አይከፍሉም። ይሄን የማያውቅ ቤት አሁንም አለ፣ ያናድደኛል።

ሥራ አለው ወይ ትሉኛላችሁ። የነርስ ደሞዝ አይደለም፣ አልዋሻችሁም። ግን የአሳ ማራቢያው አለ፣ የውሃ ጥራት ላብራቶሪው አለ፣ ኦይስተር የሚባለው ዛጎል ለባሹ የባሕር እንስሳ እርሻ አለ፣ በአሜሪካ እርሻ ላይ ኦይስተርና ዘመዱን ክላምን በማምረት ይሄ የኛ ዋሽንግተን ስቴት አንደኛ ነው፣ እኛ ባንበላውም።

ደግሞ ገና ያልተፈታ ብዙ ነገር አለ። የሱፍ አበባ የሚመስል የባሕር ኮከብ ነበረ፣ እስከ 24 ክንድ ያለው። ከ2013 ጀምሮ ክንዱ እየወለቀ፣ ገላው እየሟሸሸ አለቀ፣ ከመቶ ዘጠና በላይ። እሱ ሲጠፋ፣ እሱ ይበላው የነበረው ኧርቺን የሚባል እሾሃም ፍጥረት በዛና ኬልፕ የሚባለውን የባሕር ደን ብዙ ቦታ ጨረሰው። ገዳዩ የታወቀው ገና በ2025 ነው፣ ቪብሪዮ ፔክተኒሲዳ የሚባል ባክቴሪያ፣ የኮሌራ ዘመድ። ኮሌራን እኛ ከማንም በላይ እናውቃት የለ?

ያሳፈረኝን ልንገራችሁና ልውረድ። ላብ ውስጥ አስተማሪዬ ከየት ነህ አለችኝ፣ ጣና ዳር ስላት ዓይኗ በራ። ጣና ውስጥ ሌላ የትም የሌሉ ባርብ የሚባል አሳ 15 ዝርያዎች አሉ፣ ስምንቱ ሌላ አሳ ይበላሉ፣ መንጋጋቸው ላይ ግን ጥርስ የለም አለችኝ። ብዙዎቹ ክረምት ሲወጣ ለመራባት ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፣ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል፣ ለዛ ነው የመነመኑት። እኔ እዛ ተወልጄ ሁሉንም ነጭ አሳ ብዬ በሎሚ ስበላ ነው ያደግኩት። ማታ አባቴ ጋ ደውዬ ስጠይቀው "እንዴ፣ አፉ ሰፊውና አፉ ጠባቡ መቼ አንድ ሆነ?" ብሎ አንድ ሰዓት ሙሉ በየመልካቸው ለየልኝ፣ ደብተር አውጥቼ ጻፍኩ።

ቅዳሜ ባሕሩ የሚሸሸው ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ በኛ አቆጣጠር። ሁለት መኪና አለኝ፣ አንዱ የጓደኛዬ ነው። ልጆች መምጣት የምትፈልጉ ስማችሁን በሩ ጋ ላለችው እህት ስጡ፣ እናቶች፣ ነጭ ስኒከር አታልብሷቸው፣ ቦቲ።