መውጫው በአራት ቋንቋ፦ ስፔን ውስጥ ስፓኒሽና ጎረቤቶቹ

(በስክሪኑ ላይ፦ አራት የበር ምልክቶች፣ አንድ በአንድ ይበራሉ)

ማድሪድ ውስጥ ከሜትሮ ስትወጡ በሩ ላይ «ሳሊዳ» የሚል ታነባላችሁ፤ መውጫ ማለት ነው። ባርሴሎና ላይ በካታላንኛ «ሶርቲዳ» ይላል። ጋሊሲያ ውስጥ «ሳይዳ»። ባስክ አገር፣ ቢልባኦ ስትደርሱ ደግሞ ከ«ሳሊዳ» ጎን «ኢርቴራ» ተጽፏል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከላቲን የወረዱ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። አራተኛው ባስክኛ ነው፤ ባስክኛ ደግሞ እስከ ዛሬ ዘመድ ያልተገኘለት ቋንቋ ነው። «ኤቼ» ቤት፣ «ኤቼያ» ቤቱ፣ «ኤቼራ» ወደ ቤት፣ «ኤቼቲክ» ከቤት። ስፓኒሽ ከስሙ በፊት የሚያስቀምጠውን ባስክኛ ከኋላው ይቀጥለዋል፤ ግሱንም ብዙውን ጊዜ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ያሳርፈዋል። ስፓኒሽ ተናጋሪ ካታላንኛ ሲሰማ ግማሹን ይገምታል። ባስክኛ ሲሰማ የሚገምተው ነገር የለም። ይህን ያዙት፤ ትምህርት ቤት ስንደርስ ያስፈልገናል።

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያኑ አቆጣጠር ናቸው።)

በአምባገነኑ በፍራንኮ ዘመን፣ ከ1939 እስከ 1975፣ የመንግሥት ቢሮና የትምህርት ቤት ቋንቋ ስፓኒሽ ብቻ ነበር። ልጅን በባስክኛ ወይም በካታላንኛ ስም ማስመዝገብ የተፈቀደው በ1977 በወጣ ሕግ ነው። በቀጣዩ ዓመት ሕገ መንግሥቱ መጣ።

(በስክሪኑ ላይ፦ አንቀጽ 3፤ «ግዴታ» የሚለው ቃል በቀይ)

አንቀጽ 3 እንዲህ ይላል፦ ካስቲሊያንኛ፣ ማለትም ስፓኒሽ፣ የመንግሥቱ ይፋዊ ቋንቋ ነው፤ ስፔናውያን ሁሉ የማወቅ ግዴታና የመጠቀም መብት አላቸው። ሌሎቹ የስፔን ቋንቋዎች ደግሞ በየራስ ገዝ አስተዳደራቸው፣ በየመተዳደሪያ ሕጋቸው መሠረት ይፋዊ ይሆናሉ።

መብት ለሁሉም ተሰጥቷል፤ «ግዴታ» የሚለው ቃል የተጻፈው ግን ለስፓኒሽ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 አማርኛን የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ ሲያደርግ የሚናገረው ስለ መንግሥት ነው፤ ዜጋው ይወቅ አይልም። የስፔኑ የሚያዘው ዜጋውን ራሱን ነው። ጋሊሲያ በ1983 ባወጣችው ሕግ ለጋሊሲያንኛም ይህንኑ ግዴታ ጽፋ ነበር፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ1986 ሰረዘው። ካታሎኒያ በ2006ቱ መተዳደሪያ ሕጓ ካታላንኛ በአስተዳደሩ ውስጥ «ተመራጭ» ቋንቋ ይሁን አለች፤ በ2010 ያው ፍርድ ቤት ያቺን ቃል ቆርጦ አወጣት። በእኛ እይታ ከዚህ በኋላ የምታዩት ጭቅጭቅ ሁሉ ከዚህ አለመመጣጠን የሚፈልቅ ነው።

(በስክሪኑ ላይ፦ የስፔን ካርታ)

ካርታውን ፈጠን ብለን እንለፈው። ካታላንኛ በካታሎኒያና በባሌሪክ ደሴቶች፣ ጋሊሲያንኛ በጋሊሲያ፣ ባስክኛ በባስክ አገር ይፋዊ ናቸው። ከፈረንሳይ ድንበር ሥር ያለችው የአራን ሸለቆ የራሷን አራኔዝኛ ትናገራለች፤ ከ2006 ጀምሮ በመላ ካታሎኒያ ይፋዊ ነው። የባስክ አገር ጎረቤት ናቫራ በ1986 ሕጓ ራሷን ሦስት ቦታ ከፍላለች፦ ባስክኛ ተናጋሪ፣ ቅይጥ፣ ባስክኛ የማይነገርበት። በአንድ ራስ ገዝ አስተዳደር ውስጥ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በተሻገራችሁ ቁጥር መብታችሁ ይለወጣል ማለት ነው። አስቱሪያንኛና አራጎንኛ ጥበቃ አላቸው እንጂ ይፋዊ አይደሉም።

ቫሌንሲያ ላይ ግን ቆም እንበል። እዚያ ቋንቋው በሕግ «ቫሌንሲያንኛ» ይባላል። የቋንቋ ሊቃውንት ከካታላንኛ ጋር አንድ ቋንቋ ነው ይላሉ፤ በፖለቲካው ግን ስሙን መንካት እሳት መጫር ነው። በ2004 ስፔን የአውሮፓ ሕገ መንግሥት ረቂቅን ትርጉሞች ለአውሮፓ ኅብረት ስታቀርብ፣ ካታሎኒያ የቫሌንሲያን ትርጉም እንዳለ የራሷ አድርጋ ተቀበለች። ሁለት ስም የተለጠፈበት አንድ ጽሑፍ ቀረበ።

(በስክሪኑ ላይ፦ ማመልከቻና ማኅተም)

አሁን ወደ መንግሥት ቢሮ መስኮት እንሂድ። ካታሎኒያ ውስጥ ያለችው የጂሮና ከተማ አንድ ነዋሪ ማመልከቻውን በካታላንኛ ጽፏል እንበል። ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ከሆነ ችግር የለም። ጂሮና ላለው የማዕከላዊ መንግሥት ቅርንጫፍም ይችላል፤ የ2015ቱ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 39፣ አንቀጽ 15 ይፈቅድለታል። ማድሪድ ላለ መሥሪያ ቤት ከሆነ ግን በስፓኒሽ መጻፍ አለበት። በአንድ ጉዳይ ሁለት አመልካቾች ኖረው በቋንቋው ካልተስማሙ፣ የማዕከላዊ መንግሥቱ ቢሮ ፋይሉን በስፓኒሽ ያካሂዳል፤ ለእያንዳንዳቸው የሚሰጠው ሰነድ ግን በመረጡት ቋንቋ ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትርጉም ላይ ነው። በካታላንኛ የተሠራ ፋይል ቋንቋው ይፋዊ ባልሆነባት ሴቪያ ላይ ሥራ ላይ የሚውል ከሆነ ወደ ስፓኒሽ መተርጎም ያለበት ጉዳዩን የያዘው መሥሪያ ቤት ነው፤ ባለጉዳዩ አይደለም። ያው ፋይል ባሌሪክ ደሴቶች ውስጥ ወዳለችው ፓልማ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ካታላንኛ እዚያም ይፋዊ ስለሆነ ትርጉም አያስፈልገውም። «አስተርጉመህ ና» የተባለ ሰው አንቀጹን ጠቅሶ ቢከራከር ያዋጣዋል።

ፍርድ ቤት ውስጥ መነሻው ስፓኒሽ ነው። ዳኛው የአካባቢውን ቋንቋ መጠቀም የሚችለው ከተከራካሪዎቹ አንዱ «አላውቀውም፣ ራሴን መከላከል አልችልም» ብሎ ካልተቃወመ ብቻ ነው።

መብቱ ወረቀት ላይ አለ። ከመስኮቱ ማዶ የተቀመጠው ሰው ቋንቋውን ካላወቀስ? ባስክ አገር ለዚህ መልሱን በሒሳብ ሞክራዋለች። እያንዳንዱ የመንግሥት የሥራ መደብ ከ1 እስከ 4 የቋንቋ ደረጃ ተሰጥቶታል፤ 1 ተራ ንግግር ሲሆን 4 የተራቀቀ ጽሑፍ ነው። ከመደቦቹ ለተወሰኑት «አስገዳጅ ቀን» ይቆረጥላቸዋል፤ ከዚያ ቀን በኋላ በመደቡ የሚሠራው ሰው ደረጃውን ማስመስከር አለበት። ቀን ባልተቆረጠለት መደብ ባስክኛ ማወቅ ነጥብ ያስገኛል እንጂ አያስገድድም።

(በስክሪኑ ላይ፦ 30 + 20 ÷ 2 = 40)

ስንት መደብ ቀን ይቆረጥለት? የ1997ቱ ደንብ ያወጣው ቀመር እንዲህ ነበር፦ ባስክኛ የሚችለው ሕዝብ በመቶኛ፣ ሲደመር በከፊል የሚችለው ሕዝብ ግማሽ። 30 በመቶው ቢናገር፣ 20 በመቶው ደግሞ እያንገዳገደ ቢሞክር፣ 30 ሲደመር 10፣ 40 በመቶ። ቀመሩ ብልህ ነው። ችግሩ አማካይ መሆኑ ነው፦ ባለጉዳዩ የሚቆመው በአማካይ መስኮት ፊት ሳይሆን በአንዱ ፊት ነው፤ ያ መስኮት ቀን ያልተቆረጠለት ከሆነ ንግግሩ በስፓኒሽ ይቀጥላል። በሌላ በኩል ቋንቋውን የማይችሉ አመልካቾች መስፈርቱ በዝቷል ብለው ይከሳሉ፤ ፍርድ ቤቶችም አንዳንድ የቅጥር ማስታወቂያዎችን ሰርዘዋል።

ትምህርት ቤት ደረስን። ባስክ አገር ከ1983 ጀምሮ ለወላጅ ሦስት ምርጫ ሰጠች፦ ኤ፣ ቢ እና ዲ። «ሲ» የተዘለለው ፊደሉ በባስክኛ በተለምዶ ስለማይሠራበት ነው። ኤ ሁሉም በስፓኒሽ ሆኖ ባስክኛ እንደ አንድ ትምህርት የሚሰጥበት ነው፤ ቢ ግማሽ በግማሽ፤ ዲ ሁሉም በባስክኛ፣ ስፓኒሽ እንደ አንድ ትምህርት። መጀመሪያ የተናገርነው የሚሠራው እዚህ ነው። ቋንቋው ከስፓኒሽ ጋር ስለማይዛመድ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ የወሰደ ልጅ ፈተና ያልፋል እንጂ ወሬ አይጀምርም። ወላጆች ይህን አይተው ዓመት በዓመት ወደ ዲ ጎረፉ።

ካታሎኒያ ልጆችን በቋንቋ መለያየት አልፈለገችም፤ ሁሉንም በካታላንኛ አስተማረች። ሙከራው በ1983 የተጀመረው ከባርሴሎና ጥግ ባለችው ሳንታ ኮሎማ ደ ግራመኔት ነው፤ የጠየቁትም ከደቡብ ስፔን የፈለሱ ስፓኒሽ ተናጋሪ ወላጆች ነበሩ። ከዓመታት በኋላ ሌሎች ወላጆች ከሰሱ። የካታሎኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2020 ቢያንስ 25 በመቶው ትምህርት በስፓኒሽ ይሰጥ ብሎ ወሰነ፤ በሚቀጥለው ዓመት የስፔን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኙን ስላልተቀበለ ውሳኔው ጸና። 25 ሰዓት ባለው የትምህርት ሳምንት ይህ 6 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው፦ የስፓኒሽ ክፍለ ጊዜው ራሱ፣ ከሱም ጋር ቢያንስ አንድ ዋና ትምህርት። የካታሎኒያ ፓርላማ በ2022 መቶኛ የማያስቀምጥ ሕግ አወጣ፤ ክርክሩም ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሄደ።

(በስክሪኑ ላይ፦ ሁለት መስመሮች፣ አንዱ ሽቅብ፣ አንዱ ቀጥ ያለ)

ትምህርት ቤት ማወቅን ያሳድጋል፤ መናገር ሌላ ነገር ነው። በባስክ ራስ ገዝ አስተዳደር ባስክኛ የሚችሉ አዋቂዎች በ1991 24.1 በመቶ ነበሩ፤ በ2021 36.2 ደረሱ። የመንገድ ላይ አጠቃቀም የሚለካው ግን በሌላ መንገድ ነው፦ ታዛቢዎች ከተማውን እየዞሩ ማንንም ሳይጠይቁ ጆሯቸው የሰማውን ይመዘግባሉ። የፈረንሳዩን ጎን ጨምሮ በ2021 በባስክኛ ሆኖ የተገኘው ንግግር 12.6 በመቶ ነበር። ካታሎኒያ ውስጥ ደግሞ ካታላንኛን የዘወትር ቋንቋዬ ነው የሚሉት በ2003 46 በመቶ፣ በ2023 32.6 በመቶ። ፍልሰቱ አንድ ምክንያት ነው። ሌላው ያ «ግዴታ» ነው፦ አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው አራቱ ካታላንኛ ቢያወሩና አንዱ ባይችል፣ ሁሉም ስፓኒሽ ስለሚያውቁ ወሬው ወደ ስፓኒሽ ይዞራል። ጨዋነት ነው፤ ጉዳቱን የሚከፍለው ግን ሁልጊዜ ያው አንዱ ቋንቋ ነው።

ከመስከረም 2023 ጀምሮ የስፔን የተወካዮች ምክር ቤት አባላት በካታላንኛ፣ በባስክኛና በጋሊሲያንኛ እየተናገሩ ሌሎቹ በጆሮ ማዳመጫ ትርጉም ያዳምጣሉ። በመጀመሪያው ቀን የቀኝ ዘመሙ የቮክስ ፓርቲ አባላት ማዳመጫዎቻቸውን የጠቅላይ ሚኒስትሩ ወንበር ላይ ጥለው ወጡ። በዚያው ዓመት ስፔን ሦስቱ ቋንቋዎች በአውሮፓ ኅብረትም ይፋዊ ይሁኑ ብላ ጠየቀች፤ ለዚህ የሁሉም አባል አገሮች ድምፅ ያስፈልጋል።

ለጊዜው የሚሠራው በ2005 የተደረሰበት ስምምነት ነው። ጋሊሲያ ውስጥ ያለችው የሉጎ ከተማ ነዋሪ ብራስልስ ላለ የኅብረቱ ተቋም በጋሊሲያንኛ መጻፍ ይችላል። ደብዳቤው መጀመሪያ ስፔን የሰየመችው መሥሪያ ቤት ይደርሳል፤ እዚያ ወደ ስፓኒሽ ይተረጎማል፤ ከዚያ ብራስልስ ይሄዳል። መልሱም በዚያው መንገድ ተመልሶ፣ ከስፓኒሽ ወደ ጋሊሲያንኛ ተተርጉሞ፣ ሉጎ ይገባል። የትርጉሙን ወጪ የምትከፍለው ስፔን ናት።