ሕጉ ያልከለከለው

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፣ ማይኩና እኔ ብቻ ነን። የማወራችሁ ስለ አሜሪካ ፉትቦል አጀማመርና ጨዋታውን ጨዋታ ስላደረጉት አሰልጣኞች ነው። “አንተና ፉትቦል ምንና ምን ናችሁ?” የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው። ቨርጂንያ ስኖር ለዓመታት እሁድ እሁድ ሥራ ቦታ ቴሌቪዥኑ ላይ አየዋለሁ እንጂ ምኑም አይጥመኝም ነበር። ሃያ ሁለት ሰው ይጋጫል፣ ይወድቃል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ከዚያ ሁሉም ቆሞ ይመካከራል። አሁን ይሄ ምኑ ጨዋታ ነው?

ዘንድሮ ግን ልጄ የትምህርት ቤቱ ቡድን ውስጥ ልግባ አለና ወረቀት አመጣልኝ። ጭንቅላት ሲመታ ምን እንደሚከተል የሚያስጠነቅቅ ወረቀት ነው፤ ወላጅ አንብቦ ይፈርማል። እኔ ሳላነብ የምፈርም ሰው አይደለሁም። አንዱ ንባብ ሌላውን እየጎተተ 1869 ድረስ ወሰደኝ። በነገራችን ላይ ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

በዚያ ዓመት ኖቬምበር 6 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሩትገርስና ፕሪንስተን የሚባሉ ኮሌጆች ተጫወቱ። በየወገኑ 25 ሰው፣ ኳስ በእጅ ይዞ መሮጥ ክልክል። ሩትገርስ 6 ለ 4 አሸነፈ። የመጀመሪያው የፉትቦል ጨዋታ የሚባለው ይሄ ነው፣ ግን እናንተ ብታዩት የኛው ኳስ ነው ትላላችሁ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከካናዳ የመጣው የማክጊል ቡድን ከሃርቫርድ ጋር ተጫወተና ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን የራግቢን ሕግ አስተማራቸው። ሃርቫርዶች ወደዱት፣ ሌሎቹም ተከተሉ። እስከዚህ ድረስ ያለው ቶሎ የሚታለፍ ታሪክ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በዋልተር ካምፕ ነው። ካምፕ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ነበር፣ በኋላም የሕግ ኮሚቴው ዋና ሰው ሆነ። በራግቢ ኳሱ መሬት ሲነካ ሁለቱ ቡድኖች ተቃቅፈው ይገፋፋሉ፤ ለማን እንደሚወጣ አይታወቅም። ካምፕ ይሄ ግርግር አልተዋጠለትም። በ1880 ሁለት ነገር አስወሰነ። አንደኛ፣ በየወገኑ 11 ሰው ይሁን። ሁለተኛ፣ ኳሱ የአንዱ ቡድን ነው ይባል፤ ሁለቱም ፊት ለፊት ይሰለፉ፣ ባለ ኳሱ ቡድን ወደ ኋላ አቀብሎ ይጀምር። ደስ የሚል ሥርዓት፣ አይደል?

ብዙም ሳይቆይ ቀዳዳ ተገኘለት። በ1881 ፕሪንስተንና ዬል ሲገናኙ ፕሪንስተን የመጀመሪያውን አጋማሽ ሙሉ ኳሱን ይዞ ቁጭ አለ። ወደ ፊት መሄድ የለ፣ መምታት የለ፣ ዝም ብሎ መያዝ። በሁለተኛው አጋማሽ ዬል ተራው ደረሰውና እሱም እንደዚያው አደረገ። ውጤቱ 0 ለ 0። ተመልካቹ አበደ። ግን ማንን ትከሳለህ? ሕጉ ኳሱን ልቀቁ አይልም!

ለዚህ ነው በ1882 ካምፕ በሦስት ሙከራ አምስት ያርድ ያልሄደ ቡድን ኳሱን ያስረክብ የሚለውን ያመጣው። ያርዱን (ከአንድ ሜትር ትንሽ ያነሰ ነው) ለመለካት ደግሞ ሜዳው በየአምስት ያርዱ በኖራ መስመር ተሰመረበት። ዛሬ ሜዳው ላይ የምናየው መስመር ሁሉ የዚያ የ0 ለ 0 ጨዋታ ልጅ ነው።

እኔ የምጠላው ያ ሁሉም ቆሞ የሚመካከርበት ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። አሁን ግን ሳስበው የጨዋታው ልብ እሱ ነው። ጨዋታው በየሙከራው የሚቆም ከሆነ ቀጥሎ የሚሆነውን አስቀድሞ የሚያስብ ሰው ያስፈልጋል። በእንዲህ ያለ ጨዋታ አሰልጣኝ ሳይፈለግ አይቀርም። ካምፕ ራሱ የቀን ሥራው ኒው ሄቨን የሰዓት ፋብሪካ ውስጥ ነበር፤ ከሰዓት ልምምድ ላይ መገኘት አይችልም። ሚስቱ አሊስ ሜዳው ዳር ሄዳ ታያለች፣ ማን እንዳጠፋ፣ ማን እንደሠራ ትነግረዋለች፣ ማታ ተጫዋቾቹ ቤት መጥተው ያወራሉ። በ1888 ዬል በዚህ ዘዴ 13 ጨዋታ ተጫውቶ ሁሉንም አሸነፈ፤ ድምሩ 698 ለ 0። አንድ ነጥብ እንኳ አልተቆጠረበትም። የአሊስ ድርሻ ስንቱ ነው? ሐውልት ቢቆም ሁለት መሆን ነበረበት ባይ ነኝ።

በዚያው 1888 ደግሞ ከወገብ በታች ይዞ መጣል ተፈቀደ። ትንሽ ለውጥ ይመስላል። ግን ሜዳ ላይ ተበታትኖ የሚሮጥ ሰው በቀላሉ የሚወድቅ ከሆነ ተጠጋግቶ መሄድ ይሻላል። ተጫዋቾቹ ተጠጋጉ፣ ተያያዙ፣ ጨዋታው የግፊያ ሆነ። በ1892 ሎሪን ዲላንድ የሚባል ሰው ብቅ አለ። የቦስተን ነጋዴ ነው፣ ቼዝ ይወዳል፣ የናፖሊዮንን ጦርነቶች ያነባል። ፉትቦል ተጫውቶ አያውቅም። ለሃርቫርድ አንድ ዘዴ ሰጠ፦ ተጫዋቾቹ በሁለት ወገን ርቀው ይቆማሉ፣ ከሩቅ እየሮጡ መጥተው እንደ ቀስት ጫፍ ይገጥማሉ፣ በዚያ ፍጥነት ሁላቸውም አንድ ሰው ላይ ይወርዳሉ፣ ኳሱን የያዘው ከኋላቸው ነው። በሁለተኛው አጋማሽ መክፈቻ ዬል ላይ ሞከሩት፣ ተመልካቹ ጉድ አለ። ጨዋታውን ግን ዬል 6 ለ 0 አሸነፈ። ያም ሆኖ በቀጣዩ ዓመት ዘዴውን ሁሉም ቀዳው፤ ወዲያው ደግሞ ታገደ። ቢታገድም ግፊያው በሌላ መልክ ቀጠለ።

ሄልሜት ግዴታ ባልነበረበት ዘመን እንደሆነ አትርሱ።

በ1905 ጋዜጦች ሟች መቁጠር ጀመሩ። የቺካጎ ትሪቡን በዚያ ዓመት ቢያንስ 18 ሞት መዝግቧል፤ ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ኦክቶበር ላይ የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ዋይት ሀውስ ጠሩ፣ ካምፕም ነበረበት። ሩዝቬልት ጨዋታውን ይወዱ ነበር፣ ይጥፋ አላሉም፣ አጽዱት ነው ያሉት። ልጃቸው ቴድ በዚያው መኸር ለሃርቫርድ አንደኛ ዓመት ቡድን ሲጫወት አፍንጫው ተሰበረ። እዚህ ላይ ነው እኔ ቆሜ የቀረሁት። የአገሩ ፕሬዚዳንት ነው፣ የሟቹን ቁጥር ያውቃል፣ ግን ልጁን ተው አላለውም። (እኔም ፈርሜያለሁ። እናቱ ሦስት ቀን አላናገረችኝም፣ እሱ ሌላ ክፍል ይወጣዋል።)

ኖቬምበር 25 ሃሮልድ ሙር የሚባል የዩኒየን ኮሌጅ ተጫዋች ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲጫወት ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ሄንሪ ማክራክን ትምህርት ቤቶቹን ለስብሰባ ጠራ፤ ዛሬ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የምንለው፣ የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ድርጅት ከዚያ ስብሰባ ነው የተወለደው። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጨዋታውን ጭራሽ ተወው፤ የስታንፎርድና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ራግቢ ዞሩ። ኮሚቴው ውስጥ የነበረው ክርክር ደግሞ የኛን የዕድር ስብሰባ ያስንቃል። አንዱ ሜዳው ይስፋና ሰው ይበተን ይላል። ጥሩ ሐሳብ ነበር፣ ግን ሃርቫርድ በ1903 የኮንክሪት ስታዲየም ገንብቷል፤ ግንቡን ማን ያፈርሳል? ካምፕ ደግሞ በሦስት ሙከራ አምስት ያርድ የነበረው አሥር ይሁን ብሎ ገፋ፣ ተቀበሉት። ኳሱን በእጅ ወደ ፊት መወርወር ይፈቀድ የሚለውን ግን ካምፕ አልወደደውም። ሳይወድ ገባ።

ሲገባም በሰንሰለት ታስሮ ነው። የወረወርከው ኳስ ማንም ሳይነካው መሬት ከወደቀ ኳሱ የተቃራኒ ቡድን ይሆናል። ማን ይደፍራል? ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች አልደፈሩም። የደፈረው የሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ኤዲ ኮከምስ ነው። በ1906 በጋ ልጆቹን ሰብስቦ ዊስኮንሲን አንድ ሐይቅ ዳር ወሰዳቸውና ውርወራ ብቻ አስጠናቸው። ሴፕቴምበር 5 ከካሮል ኮሌጅ ጋር ሲጫወቱ ብራድበሪ ሮቢንሰን ወረወረ፤ ኳሱ መሬት ወደቀ፣ በሕጉ መሠረት ለካሮል ተሰጠ። ኮከምስ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ሮቢንሰን በኋላ ደግሞ ወረወረና ጃክ ሽናይደር ይዞ ነጥብ አስቆጠረ። ሴንት ሉዊስ በዚያ ዓመት 11 ጨዋታ ሁሉንም አሸነፈ፣ 407 ለ 11። ታዲያ ስንት ሰው ነው ኮከምስን የሚያውቀው? ምሥራቁ ላይ ያሉት ጋዜጦች ሴንት ሉዊስ ድረስ ማን ይሂድ ብለው ነው መሰለኝ።

አንድ ሰው ሳልጠራ አላልፍም። ዊሊያም ሄንሪ ሉዊስ። እዚሁ ቨርጂንያ በ1868 ከባርነት ነፃ ከወጡ ወላጆች ተወለደ። አምኸርስት ኮሌጅ ገብቶ የቡድኑ አምበል ሆነ፣ ከዚያ ሃርቫርድ ሕግ እየተማረ መሐል ላይ ተጫወተ፣ የዓመቱ ምርጥ ተብለው ከተመረጡት አንዱ ሆነ፤ ጥቁር ሆኖ ያንን ያገኘ የመጀመሪያው ነው። በ1896 ስለ ጨዋታው መጽሐፍ ጻፈ፣ ሃርቫርድ ውስጥም ለዓመታት አሰለጠነ። በኋላ ፕሬዚዳንት ታፍት የአገሪቱ ረዳት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አድርገው ሾሙት። የካምፕን ስም የሚያውቅ ሁሉ የሱንም ማወቅ ነበረበት።

አሁን ወደ ፖፕ ዋርነር። ቀዳዳ በመፈለግ እሱን የሚያህል የለም። ጠበቃ ነበር፣ ከኮርኔል በሕግ ተመርቋል፣ ይሄ የአጋጣሚ አይመስለኝም። በ1899 ፔንሲልቬንያ ያለው የካርላይል ትምህርት ቤት አሰልጣኝ ሆነ። ካርላይል በአሮጌ የጦር ሰፈር ውስጥ የተከፈተ፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ልጆች ከወላጅ ነጥሎ ፀጉር የሚቆርጥ፣ ቋንቋቸውን የሚከለክል ትምህርት ቤት ነው። እዚያው የሞቱ ሕፃናት መቃብር አለው።

በ1903 ከሃርቫርድ ጋር ሲጫወቱ ዋርነር ያደረገውን ስሙ። ቻርልስ ዲሎን የሚባለው ተጫዋች ማሊያ ከኋላው በታች በኩል ላስቲክ ተሰፍቶበታል። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ሃርቫርድ ኳሱን መታ፣ የካርላይል ልጆች ተሰብስበው ክብ ሠሩ፣ በመሐል ጂሚ ጆንሰን ኳሱን ዲሎን ማሊያ ውስጥ ከተተ። ከዚያ በየአቅጣጫው ተበተኑ። ሃርቫርዶች ያገኙትን ሁሉ ይይዛሉ፣ ኳስ የለም። ዲሎን ሁለት እጁን እያወዛወዘ፣ ጀርባው አብጦ፣ እስከ ጫፉ ሮጦ ደረሰ። ነጥቡ ጸደቀ። ለምን ቢሉ፣ ኳስ በማሊያ መደበቅ ክልክል ነው የሚል ሕግ አልነበረማ! ሃርቫርድ በመጨረሻ 12 ለ 11 አሸንፏል፣ ግን የሚወራው ስለ ላስቲኩ ነው።

ውርወራ ሲፈቀድ ካርላይሎች ከማንም ቀድመው ለመዱት፤ ቀላልና ፈጣን ነበሩ፣ ግፊያ አያዋጣቸውም። በ1907 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲን 26 ለ 6፣ ሃርቫርድን 23 ለ 15 አሸነፉ። ኖቬምበር 1912 ደግሞ ዌስት ፖይንት ሄደው የጦር አካዳሚውን ቡድን 27 ለ 6 አሸነፉ። የካርላይሉ ኮከብ ጂም ቶርፕ እዚያ ነበር፤ ከጦሩ ወገን ደግሞ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ድዋይት አይዘንሃወር ተሰልፏል።

ዋርነር ጎበዝ ነበር፣ ግን አልወደውም። ቶርፕ ቀደም ሲል በክፍያ ቤዝቦል ተጫውቷል ተብሎ በ1913 የስቶክሆልም ኦሎምፒክ ሜዳሊያዎቹ ሲነጠቁ ዋርነር “አላውቅም ነበር” ብሎ እጁን ታጠበ። ቶርፕ ብቸኛ አሸናፊ ተብሎ እንደገና የተመዘገበው በ2022 ነው፣ ከሞተ ከስልሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ።

በ1914 የካርላይል ተማሪዎች ቅሬታ ጽፈው ፈረሙ፣ ኮንግረስ መርማሪ ላከ። ከፊት የቆመው የቡድኑ ኮከብ ገስ ዌልች ነው። ስለ ስፖርቱ ገንዘብ አያያዝ፣ ዋርነር ልጆቹን ስለሚሳደብበት አፍ፣ ሁሉንም ተናገሩ። ዋርነር ካርላይልን ለቀቀና ወደ ፒትስበርግ ሄደ፣ እዚያም የመጀመሪያ ዓመቱን አንድም ሳይሸነፍ ጨረሰ። ካርላይል በ1918 ተዘጋ፣ ግቢው በጦርነቱ ለቆሰሉ ወታደሮች ሆስፒታል ሆነ። ዌልች ሕግ ተማረና በ1919 የዋሽንግተን ስቴት ዋና አሰልጣኝ ሆነ።

አሰልጣኙን ጆን ሃይስማንንና ያን 222 ለ 0 ያለቀ ጨዋታ ለሚቀጥለው አቆየዋለሁ፣ እሱ ብቻውን አንድ ሰዓት ይበላል። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።