ብረት ብረት ይጠራል

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ፎር ዊል ድራይቭ መኪና ነው የማወራው። የትኛው ይገዛ፣ ከተገዛ በኋላስ ምን ይገጠምለት የሚለውን።

ነገሩን ያመጣብኝ አንድ ጓደኛዬ ነው። ሰሞኑን የዕቃ ዝርዝር ይዞ መጣ። የፊት መከላከያ የሚሆን የብረት ፓራውልት፣ የተያዘ መኪና በገመድ የሚስብ ዊንች፣ ለሞተሩ አየር ከላይ የሚስብ ስኖርክል፣ ጣሪያ ላይ የሚዘረጋ ድንኳን፣ 35 ኢንች ጎማ። "የትኛው መኪና ላይ ነው የምትገጥመው?" አልኩት። "እሱን ገና አልወሰንኩም" አለኝ።

አልፈርድበትም። ዕቃው ያምራል። ጭቃ የነካው ፎቶ ላይ ሲታይማ ልብ ይሰርቃል። እኔ ግን መኪና ስር ገብቼ በተኛሁ ቁጥር፣ ሰው ተይዞ ሲጎተት ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር እየገባኝ መጥቷል። መኪና ላይ የምትጨምሩት ብረት ሌላ ብረት ይጠራል። ያኛው ደግሞ ሌላ። ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለው ግዢው ላይ ነው። ብዙ መጨመር የማያስፈልገውን መኪና መግዛት።

እሺ፣ ግዢው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የፈረስ ጉልበት ነው። ከአስፋልት ከወጣችሁ ግን ያ ቁጥር ያን ያህል አይጠቅማችሁም። ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ማን ፍጥነት ይፈልጋል? እዚያ የሚፈለገው ሞተሩ ሳይጠፋ መዝገም ነው። ይህን የሚሰጠው ደግሞ ሪዶታው ነው፣ ማለትም መኪናውን በዝግታና በብዙ ጉልበት የሚያስኬደው ተጨማሪ ከባድ ማርሽ። ልብ በሉ፣ አራቱም ጎማ ይጎትታል ተብሎ የሚሸጥ መኪና ሁሉ ሪዶታ የለውም። ብዙዎቹ የላቸውም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን እወቁ።

አንድ ቀላል ስሌት ልንገራችሁ። የአንደኛ ማርሽን ሬሾ፣ የሪዶታውን ሬሾና የዲፈረንሻሉን ሬሾ አባዙ። ለምሳሌ 4፣ 2.5 እና 4.1 ቢሆኑ 41 ይመጣል። ሞተሩ 41 ጊዜ ዞሮ ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን መኪናው ቁልቁለቱን በሞተሩ ይዞ፣ ፍሬን ሳያስጨንቅ ይወርዳል። ጂፕ እ.ኤ.አ. በ2003 ሩቢኮን የሚባለውን ራንግለር ሲያወጣ ሪዶታውን 4 ለ 1 ያደረገው ለዚህ ነው። እንግዲህ ይህን በኋላ አስገጥማለሁ ብትሉ ካምቢዮ ማስወረድ ሊኖር ነው። ከፋብሪካው ይዞት ሲመጣ ግን አብሮ ገዛችሁት፣ አለቀ።

ሁለተኛው ክብደት ነው። ሱዙኪ ጂምኒን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሞዴል 1.5 ሊትር ሞተር ነው ያለው፣ ክብደቱ 1,100 ኪሎ አካባቢ ነው። ሻንሲው፣ ማለትም አካሉን የተሸከመው የብረት አጽም፣ ራሱን የቻለ ነው፣ ከፊትም ከኋላም ግራና ቀኝ ጎማውን በአንድ ብረት የሚያያይዝ ድፍን አክስል አለው። ዳገት ሲገጥመው አፍንጫው ሳይነካ የሚያስገባው አንግል 37 ዲግሪ ነው፣ ከኋላ ሲወጣ ደግሞ 49። ትልልቆቹ የሰመጡበት ጭቃ ላይ ይቺ ትንሽ መኪና ቀለል ብላ ስታልፍ አይቻለሁ። አራት ሰው ከነሻንጣው ጭናችሁ ሩቅ መንገድ ልትወጡ ከሆነ ግን እርሷት። ለዚያ ሌላ ዓይነት መኪና አለ። ላንድ ክሩዘር 70 እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ እስካሁን የሚመረተው መልኩ ስላማረ አይደለም። ጭነት ይችላል፣ ሲበላሽም ብዙ መካኒክ ያውቀዋል። እናም "የትኛው ይሻላል" ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ምን እንደምትጭኑ ጠይቁ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ። ዲፈረንሻል።

መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጡ የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት መዞር አለባቸው። ዲፈረንሻል ሥራው ይሄ ነው። ችግሩ ግን ተራው ዲፈረንሻል ለሁለቱም ጎማ እኩል ጉልበት ነው የሚያካፍለው። አንዱ ጎማ አየር ላይ ከተንጠለጠለ እሱን ለማዞር የሚበቃው ጉልበት ከምንም አይቆጠርም። መሬት ለረገጠው ጎማም የሚደርሰው ያቺው ከምንም የማትቆጠረው ናት።

ይህን በዓይን ማየት ነው እንጂ በወሬ አይገባም። መኪናው ጉድባ ውስጥ በሰያፍ ገባ እንበል። የፊት ግራውና የኋላ ቀኙ ጎማ ከመሬት ይነሳሉ። ሹፌሩ ፎር ዊል አስገብቷል፣ ሪዶታ ላይ ነው፣ ሞተሩም ጤነኛ ነው። ነዳጅ ይሰጣል። የተንጠለጠሉት ሁለቱ ጎማዎች ጥርሳቸው ውስጥ የያዙትን ጭቃ እየረጩ ይሽከረከራሉ። መሬት የረገጡት ሁለቱ ዝም ብለው ቆመዋል። ነዳጅ ሲጨምር የሚጨምረው ጩኸቱ ብቻ ነው። አጠገቡ የቆመ ሰው "ፎር ዊሉ አይሠራም እንዴ?" ይላል። ይሠራል። ችግሩ ሁለቱም ዲፈረንሻሎች ክፍት፣ ማለትም ያልተቆለፉ መሆናቸው ነው።

እዚህ ላይ የኋላውን ዲፈረንሻል ቢቆልፈው ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እንደ አንድ ይዞራሉ። መሬት የረገጠው ይገፋል፣ መኪናው ይወጣል። ለዚህ ነው ከፋብሪካው የኋላ ዲፈረንሻል ሎክ ያለው መኪና ካገኛችሁ ትንሽ ጨምሩና ያዙት የምለው። አዳዲሶቹ መኪናዎች ላይ ያለው ትራክሽን ኮንትሮልም ይረዳል። የሚሽከረከረውን ጎማ በፍሬን ይይዘዋል፣ ያኔ ጉልበቱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ግን መጀመሪያ ጎማው መሽከርከር አለበት። ስለዚህ ሲሽከረከር ደንግጣችሁ ነዳጁን አትልቀቁ፣ እኩል አድርጋችሁ ያዙ። ሎኩን ደግሞ ጠንካራ ደረቅ መንገድ ላይ አታስገቡት። መኪናው መታጠፍ እምቢ ይላል፣ አክስሉም ይጨነቃል።

ወደ ሞላና ባሌስትራ ልሂድ። "መኪናዬን ሁለት ኢንች ከፍ አስደረግኳት" ይላል ሰው። ድፍን አክስል ያላት ከሆነች ጎንበስ ብላችሁ ከስር እዩ። ከፍ ያለው አካሏ ነው። ዲፈረንሻሉ የነበረበት ነው ያለው። ዘይትና አቧራ ተቀላቅሎ ጠቁሮበታል፣ ሆዱ ላይ ድንጋይ ያወጣው ነጭ ጭረት አለ። ያ ድንጋይ ነገም እዚያው ቦታ ያገኘዋል። ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው። እሱም በግማሽ ነው። ከ31 ኢንች ወደ 33 ኢንች ብትቀይሩ ዲፈረንሻሉ የሚነሳው በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.5 ሴንቲ ሜትር ነው።

ከፍ ማስደረግ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። አፍንጫውና ሆዱ ከዳገት ይርቃል፣ ለትልቅ ጎማም ቦታ ይገኛል። ግን ሂሳቡን አብራችሁ ስሙ። ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ መኪናው ወደ ጎን ለመጋደል ይቀርበዋል። የፊት እግሩ ድፍን ካልሆነ፣ ማለትም ሁለቱ ጎማዎች ለየብቻ የሚወዛወዙ ከሆነ፣ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ አንግሉ ይሰፋል። የዘንጉን መገጣጠሚያ የሚሸፍነው ጎሚኒ ቶሎ ይቀደዳል፣ አሸዋ ይገባል፣ ዘንጉ ይበላል። መሪውም አስፋልት ላይ መዋለል ሊያመጣ ይችላል። ጎማው ራሱም አለ። ከ31 ወደ 33 ስትሄዱ ዙሪያው በ6 በመቶ ተኩል ገደማ ያድጋል። ቆጣሪው 100 ሲል በትክክል ከ106 በላይ እየሄዳችሁ ነው። ማርሹም ረዘመ ማለት ነው፣ ያ ያባዛችሁት 41 ወደ 38 ተኩል ወረደ። ለመዝገም ብላችሁ የገዛችሁት ሪዶታ ከእጃችሁ ተቀነሰ። ያንን ለማስተካከል የዲፈረንሻል ጥርስ መቀየር ይመጣል። አያችሁ ብረቱ እንዴት እንደሚጠራራ?

አሁን ክብደቱን እንደምር። አንድ ቶን ይጭናል ተብሎ የሚሸጥ ፒክአፕ አለን እንበል። የብረት ፓራውልት 60 ኪሎ አካባቢ። ዊንች ከነብረት ገመዱ 40። ሁለተኛ ባትሪ 25። ድንኳኑ ከነጣሪያ ብረቱ 90። መሳቢያና ፍሪጅ 120። ውሃ 60 ሊትር፣ እሱም 60 ኪሎ ነው። አራት ሰው፣ 320 እንበል። 715 ኪሎ ሆነ። ከቶኑ 285 ቀረ። ገና ሻንጣ አልገባም፣ መፍቻ አልገባም፣ ተጨማሪ ነዳጅ አልገባም። ይሄ እንግዲህ ጭነት የሚችለው መኪና ነው። አራት በር ያለው ጂፕ ራንግለር የሚችለው የቶኑን ግማሽ ገደማ ነው። አራት ሰው ገብተው ፓራውልትና ዊንች ሲጨመር ሊሞላ ምንም አልቀረው።

"ጠንካራ ሞላ አስገባለሁ" የሚል አለ። ያስገባ። መኪናው ከኋላ መውረዱ ይቀራል። የተፈቀደው ክብደት ግን አልጨመረም። ፍሬኑ ያው ነው፣ አክስሉ ያው ነው፣ ሻንሲውም ያው ነው። እንዲያውም ባሌስትራ ላይ የአየር ባሉን ጨምረው፣ ከኋላ ከመጠን በላይ ጭነው የሄዱ ፒክአፖች ሻንሲያቸው ከካቢኑ ኋላ ተጣምሞ ይታያል። ባሌስትራው ጭነቱን ሻንሲው ላይ በሁለት ጫፍ ነው የሚያሳርፈው። ባሉኑ ግን መሃል ላይ አንድ ቦታ ይገፋል። ኮረኮንች መንገድ ላይ ያ ግፊት ሲደጋገም ብረትም ይደክማል።

ለዚህ ነው እኔ መጀመሪያ ገንዘብ የማወጣው ጎማ ላይና አየር መለኪያ ላይ የሆነው። ጎንና ጎኑ ጠንካራ የሆነ፣ ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ ጎማ፣ ጥርሱ መካከለኛ። ቀኑን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ካልዋላችሁ የጭቃ ጎማ አያስፈልጋችሁም፣ አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ዝናብ ላይም አይመቸኝም። ከዚያ አየር መቀነስ። አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ የነበረው ለኮረኮንች 27 አካባቢ፣ ለአሸዋ 16 አካባቢ። ጎማው ከመስፋቱ ይልቅ ነው የሚረዝመው፣ መሬቱን የሚይዝበት ቦታ ይጨምራል። አሸዋ ላይ ሊሰጥም የነበረው መኪና ተንሳፍፎ ሲያልፍ ታያላችሁ። በነፃ ነው እኮ። ብቻ ፍጥነት ቀንሱ፣ በኃይል አትጠምዝዙ፣ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። አስፋልት ላይ ስትመለሱ የምትሞሉበት መንፊያ ያዙ።

ስለ ስኖርክል በአጭሩ። ሞተሩ ውሃ እንዳይጠጣ ይረዳል፣ አቧራማ መንገድ ላይም ጥሩ አየር ይስባል። መኪናውን ጀልባ አያደርገውም። ብዙ ሰው የሚረሳው የዲፈረንሻሉን መተንፈሻ ነው። በጉዞ የጋለ አክስል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ይስባል። መተንፈሻው ዝቅ ያለ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። በቀጭን ጎማ ቱቦ ወደ ሞተሩ ክፍል ከፍ ማድረግ ነው፣ ከስኖርክሉ ጋር ሲወዳደር ወጪው ምንም ነው። ስለዚህ እሱ ይቅደም።

አንድ ነገር ደግሞ ጠበቅ አድርጌ ልንገራችሁ። ተጎታች የሚያያዝበትን ኳስ የተያዘ መኪና ለማውጣት አትጠቀሙ። ሲበጠስ እንደ መድፍ ጥይት ነው የሚወረወረው፣ ሰው ገድሏል። ፋብሪካው መኪናውን በማጓጓዣ ላይ ለማሰር የሚሠራው ቀለበትም ለዚህ አልታሰበም። ከፊትም ከኋላም ከሻንሲው ጋር በቦሎን የታሰረ፣ አቅሙ የተጻፈበት መጎተቻ አስገጥሙ። የሚለጠጥ የመጎተቻ ገመድ፣ አካፋና ጎማ ስር የሚገባ የፕላስቲክ ሰሌዳ ያዙ። ገመድ ሲወጠር ከአጠገቡ ዞር በሉ። ለብቻችሁ የማትጓዙ ከሆነ ዊንቹ ይቆይ፣ 40 ኪሎ ተረፋችሁ።

ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ። ስትልኩ ግን የመኪናውን ሞዴል፣ በሩ ላይ ወይም መመሪያው ላይ የተጻፈውን የተፈቀደ ክብደትና ብዙ ጊዜ ስንት ሰው እንደምትጭኑ ጨምሩበት። እነዚህ ከሌሉ ምን ይገጠም ብዬ አልመልስም። ደህና ሰንብቱ።