የታሪክ ትምህርት ዓላማ፦ በታሪክ መምህራን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር፣ አዳማ

የተከበራችሁ የክብር እንግዶች፣ ክቡራትና ክቡራን የማኅበራችን አባላት፤

ከየትምህርት ቤታችሁ ተነሥታችሁ እዚህ አዳማ ድረስ ስለመጣችሁ በሥራ አመራሩ ስም ከልብ አመሰግናለሁ። የዘንድሮው ጉባኤያችን በታሪክ ትምህርት ዓላማ ላይ እንዲያተኩር የተወሰነው፣ ተማሪዎቻችን ታሪክን ከክፍል ይልቅ ከፌስቡክና ከቲክቶክ በሚሰሙበት፣ በሰሙትም ሳቢያ እርስ በርስ በሚቃቃሩበት ጊዜ ላይ ስለምንገኝ ነው።

በእኔ እምነት ከሁሉ የሚቀድመው ዓላማ ተማሪው «ይህን በምን እናውቃለን?» ብሎ እንዲጠይቅ ማስቻል ነው። የአድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መካሄዱን የማያውቅ ተማሪ ብዙ የለም፤ ፈተናም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ነገር ግን በከብት እልቂት የጀመረው ክፉ ቀን አገሩን ካራቆተ ጥቂት ዓመታት ብቻ አልፈው ሳለ፣ ያ ሁሉ ሠራዊት ከመሐል አገር ተነሥቶ ለወራት ሲጓዝ ምን በላ፣ ስንቁን ማን አዘጋጀ፣ ማንስ ተሸከመ፣ በየመንገዱ ያለው ገበሬስ ምን ደረሰበት ብሎ የሚጠይቅ ስንት ነው? ይህን ያነሣ ተማሪ ዜና መዋዕሉን፣ የጣሊያን መኮንኖችን ዘገባና የአዛውንቶችን ትረካ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚስማሙበትንና የሚለያዩበትን መመርመር ይጀምራል፤ የሴቶችንም ድርሻ ከእቴጌ ጣይቱ ስም ባሻገር፣ እህል ፈጭተው ስንቅ ካሰናዱትና ከሠራዊቱ ጋር ከዘመቱት ዘንድ ያገኘዋል። ድሉም በዚህ ይገዝፋል እንጂ አያንስም።

የሚያኮራውን ብቻ መርጦ ማስተማርም ሆነ የሚያቆስለውን ብቻ እየነቀሱ ማስተማር ልጆቻችንን መበደል ነው። ባርነት በአገራችን በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. መሆኑን፣ ማለትም ከአድዋ ድል ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑን፣ ተማሪው ከመምህሩ አንደበት በተረጋጋ ክፍል ውስጥ ሊማረው ይገባል። ይህ ከባድ ሥራ እንደሆነ፣ በተለይም ስሜት በሚጋልበት ክፍል ፊት ለቆመ ወጣት መምህር፣ አይጠፋኝም።

ማስረጃ ፍለጋ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ያለፈው በዚህችው ከተማ በኩል ነውና፣ ተማሪዎችን አሮጌው ጣቢያ ዘንድ ወስዶ ገበያው ለምን በዚህ በኩል እንደደራ መጠየቅ በራሱ አንድ ሙሉ ትምህርት ይወጣዋል።

ስለሆነም ከሰዓት በኋላ በሚካሄደው ውይይት እያንዳንዱ ቡድን በአካባቢው በሚገኝ ማስረጃ ላይ የተመሠረተ አንድ የክፍል ሥራ አዘጋጅቶ እንዲያቀርብ በአክብሮት እየጠየቅሁ፣ ዓመታዊ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን አበሥራለሁ።