መድፉን አይታችሁ አትመለሱ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ጡረታ ስለወጡ የጦር መርከቦች ነው። ተዋግተው፣ አርጅተው፣ በመጨረሻ ሙዚየም ስለሆኑት። የምጠራቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አብዛኞቹ የጦር መርከቦች ይህ ዕድል አይገጥማቸውም። ዘመናቸው ሲያልቅ ተቆራርጠው ብረታቸው ይሸጣል። አንዳንዶቹ ደግሞ የተኩስ ልምምድ ዒላማ ሆነው ይሰምጣሉ። ለጎብኚ የሚተርፉት ጥቂት ናቸው።

እነዚህን ጥቂቶች ልናይ ስንሄድ ታዲያ ምን እናደርጋለን? በቀጥታ ወደ መድፉ! ሥሩ ቆመን ሰልፊ እንነሳለን፣ ከዚያ ወደ መውጫው። መድፍ ማየት እኔም አልጠላም። ለንደን ውስጥ ቴምዝ ወንዝ ላይ የቆመችው ቤልፋስት የፊት መድፎቿን ያነጣጠረችው በከተማው ዳር ወዳለ የአውራ ጎዳና ማረፊያ ነው። ርቀቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነዳጅ ሊቀዳ የቆመው ሹፌር ይህን ቢያውቅ ምን ይል ይሆን? እርግጥ ቀልድ ነው። ግን መድፉ እስከ የት እንደሚደርስ በአንዴ ይገባችኋል።

እኔ የምለምናችሁ ግን ወደ ታች እንድትወርዱ ነው።

ቤልፋስት ላይ እስከ 950 ሰው ይኖር ነበር። ከታች ማብሰያ ቤቱ አለ፤ ልብስ ማጠቢያው፣ ሕክምና ክፍሉ፣ ትንሽ የጸሎት ቤት፣ አጥፊ የሚታሰርባት ጠባብ ክፍል ሳትቀር። ብዙዎቹ መርከበኞች የሚተኙት ከጣሪያ በተንጠለጠለ የሸራ አልጋ ላይ ነበር። አሁንም ስትወርዱ ማሞቂያ ጋኖቹና ሞተሮቹ ጋ ትደርሳላችሁ። እዚያ ከውሃው ወለል በታች ናችሁ። ቤልፋስት በታኅሣሥ 1943 በሰሜን ኖርዌይ ባሕር ሻርንሆርስት የተባለችውን የጀርመን መርከብ ካሰመጡት አንዷ ናት። ሻርንሆርስት ላይ ከነበሩት ከ1,900 በላይ ሰዎች የተረፉት 36 ብቻ ናቸው። ቤልፋስት ሞተር ክፍል ውስጥ የነበሩት ሰዎች የጠላትን መርከብ በዓይናቸው አላዩም። ድምፅ ይሰማሉ፣ የመርከቧ መንቀጥቀጥ ይሰማቸዋል፣ የታዘዙትን ይሠራሉ። በቃ። ይህን በመጽሐፍ ማንበብና እዚያው ቧንቧ መሃል ቆሞ ማሰብ አንድ አይደሉም።

ሰርጓጅ መርከብ ካገኛችሁማ ይብሳል። ብዙዎቹ ውስጥ አልጋው ለሁሉም ስለማይበቃ አንዱ ለፈረቃው ሲነሳ ሌላው ገና ባልቀዘቀዘው አልጋ ላይ ይጋደማል። ንጹሕ ውሃ ስለሚቆጠብ መታጠብ ቅንጦት ነው። ስለ ሽታው ዝም ልበል።

ሚዙሪን ደግሞ ውሰዱ። ሃዋይ ውስጥ ፐርል ሃርበር ላይ ያለችው የአሜሪካ መርከብ ናት። ጃፓን በመስከረም 2 ቀን 1945 እጅ መስጠቷን የፈረመችው እሷ ላይ ነው፤ ጎብኚው ሁሉ እዚያ ቦታ ላይ ይሰበሰባል። እኔን የያዘኝ ግን በጎኗ ላይ የቀረው ስርጉድ ነው። ከፊርማው ወራት በፊት፣ ሚያዝያ 11 ቀን፣ አንድ የጃፓን አጥፍቶ ጠፊ አብራሪ አውሮፕላኑን ይዞ የተላተመባት ቦታ ነው። የአብራሪው ሬሳ መርከቧ ላይ ቀረ። ካፒቴኑ ዊልያም ካላሃን በወታደራዊ ሥርዓት እንዲቀበር አዘዙ። ይህን ያልወደዱ መርከበኞች ነበሩ። አይፈረድባቸውም፤ ሊገድላቸው የመጣ ሰው ነው። ሆኖም በማግስቱ በክብር ወደ ባሕር ተሸኘ። ከመድፉና ከዚያች ስርጉድ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ፣ ስርጉዷን እመርጣለሁ።

አሁን ደግሞ ስለማይወራለት ነገር፦ ዝገት። ሌላው ሙዚየም ጣሪያው ቢያፈስ ዕቃው ይወጣል። እዚህ ዕቃውም ሕንፃውም መርከቧ ናት፣ ያለችውም ውሃ ውስጥ ነው። በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ያገለገለችው የአሜሪካ መርከብ ቴክሳስ ለዓመታት ውሃ ስታስገባ ኖረች። ውሃው በፓምፕ እየተቀዳ ነበር የምትንሳፈፈው። በ2022 ነው ተጎትታ ለከባድ ጥገና ጋልቨስተን ወደብ የገባችው። በዚያው ዓመት በአሜሪካዋ ቡፋሎ ከተማ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአንድ መርከብ ላይ ያለቁትን አምስት ወንድማማቾች ስም የያዘችው መርከብ ዘ ሰሊቫንስ፣ ቀፎዋ ተሸንቁሮ በቆመችበት ወደ ጎን አጋደለች። ያን ሁሉ ውሃ አውጥቶ እንደገና ማቃናት ቀላል ሥራ አልነበረም።

ጃፓኖች ለሚካሳ ሌላ መላ መቱ። በ1905 ከሩሲያ ጋር በተደረገው የቱሺማ ባሕር ጦርነት የጃፓኑ አድሚራል ቶጎ መርከብ የነበረችው ሚካሳ ዛሬ ዮኮሱካ ላይ ቀፎዋ በአፈርና በኮንክሪት ተይዞ ቆሟል። መርከብ ካልተንሳፈፈ ምኑን መርከብ ሆነ የሚሉ አሉ። እኔ ግን ሰምጣ ከማያት እንዲህ ቆማ ባያት ይሻለኛል። ስለዚህ የመግቢያው ትኬት ተወደደ ብላችሁ ስታጉረመርሙ ያንን በዝገት የሚበላ ብረት አስቡት።

ለመሄድ ካሰባችሁ ሸርተት የማያደርግ ጫማ አድርጉ። መሰላሎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ስትወርዱ ፊታችሁን ወደ መሰላሉ አዙሩ። የበሮቹ ደፍ ከፍ ያለ ነው፣ ጉበናቸው ዝቅ ያለ። ረጃጅሞች ሆይ፣ ግንባራችሁን አደራ! መርከቦቹ ላይ በፈቃደኝነት የሚያስጎበኙ አዛውንቶችም ታገኙ ይሆናል፤ ከእነሱ ውስጥ የቀድሞ ባሕርተኞች አሉ። መርከቧ ስንት ቶን ናት ብላችሁ አትጠይቋቸው፣ እሱ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። የት ይተኙ እንደነበር ጠይቋቸው፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።