ካራክተርህ ማንን ያውቃል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬ ደዋዮች የጠየቁት ስለ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ የወጣ የምናብ ጀብዱ ጨዋታ ነው። ጠረጴዛ ተከቦ፣ በወረቀትና በዳይስ ይካሄዳል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ካራክተር፣ ማለትም የፈጠረውን ገጸ ባሕርይ፣ ይዞ ይጫወታል፤ አጫዋቹ ደግሞ ዓለሙን ይተርካል።

«ለካራክተሬ 12 ገጽ ታሪክ ጻፍኩ። አጫዋቹ አላነበበውም። ልቀየመው?»

አትቀየመው። አንድ ገጽ ይበቃል። ካራክተርህ ዘንዶ ገድሏል ብለህ ጽፈሃል። ጨዋታውን የሚጀምረው ግን ከደረጃ 1፣ ከጀማሪነት ነው። ደረጃ 1 ላይ ያለ አስማተኛ የሕይወት ነጥቡ 6 አካባቢ ነው፤ ጎብሊን የሚባለው ትንሽ ጭራቅ ሁለት ምት ሊዘርረው ይችላል። ታዲያ ዘንዶ መግደሉን ማን ያምንሃል? ትልቁን ጀብዱ ለጠረጴዛው ተውለት። አንተ ሦስት ነገር ብቻ ጻፍ፦ ምን ይፈልጋል? ምን ይፈራል? ከጓዶቹ ማንን ያውቃል? ሦስተኛዋን ሁሉም ሰው ይዘላታል። አደራ፣ አትዝለላት።

«የካራክተሬ ጥንካሬ በዳይስ 8 ወጣ። እንደገና ልወርውር?»

ተወው። ተራ ሰው 10 ወይም 11 ነው፤ የአንተ ሰው ትንሽ ደከም ይላል፣ በቃ። ሸክሙን ማን ይሸከምለታል? ከጓዶቹ አንዱ። አየህ፣ ሦስተኛዋ ጥያቄ ተመለሰች።

«የግድ ድምፄን መቀየር አለብኝ?»

የለብሽም። «ተቆጥታ በሩን ዘግታ ወጣች» ብትዪ ይበቃል።

«ካራክተሬ ሌባ ነው። ጓዶቹ ተኝተው ሳለ ከአንዷ ከረጢት ቀለበት ሰረቅኩ። ልጅቷ ተናዳ ጨዋታውን ትታ ሄደች። ግን ካራክተሬ እንደዚያ ነው፤ ምን ላድርግ?»

ቁጭ በልና ስማኝ። ይህ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ሁሌም ይመጣል። «ካራክተሬ እንደዚያ ነው» የምትለው አባባል ስንቱን ጠረጴዛ በትናለች! ካራክተሩን የሠራኸው አንተ ነህ። ሌባ ያደረግከውም፣ እጁን ወደ ጓደኛው ከረጢት የሰደድከውም አንተ ነህ። እሱ ወረቀት ላይ ያለ ነገር ነው፤ የከፋት ግን ሰው ናት። ሥራ ውላ፣ ታክሲ ተጋፍታ ልትጫወት የመጣች ሰው።

የጨዋታው መመሪያ የ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) እትም ለካራክተሩ አራት ነገር ያስሞላችኋል፦ ጠባዩን፣ የሚያምንበትን፣ የሚሳሳለትን፣ ጉድለቱን። እናንተ ጉድለቱን ሞልታችሁ ሌላውን ትዘሉታላችሁ። ጉድለት ብቻውን ሰው አይሆንም። እሺ፣ መስረቅ ያምረዋል። ታዲያ ከእነዚህ ሰዎች ጋር በሌሊት ተራ ገብቶ የሚጠብቀው ለምንድን ነው? የሚሳሳለት ነገር ባይኖረው ገና ድሮ ጥሏቸው በሄደ ነበር።

ያንኑ ሌሊት እስቲ እንዲህ አስበው። እሳቱ ከስሟል። ሌባው እጁን ከረጢቱ ውስጥ ይከትና ቀለበቱን ይዳስሳል። የእናቷ እንደሆነ ትዝ ይለዋል፤ መንገድ ላይ ነግራዋለች። ሊመልሰው ይላል። እጁን ሳያወጣ ዓይኗን ትገልጣለች። አሁን ምን ይላታል? ሌብነቱ አልቀረም፤ ግን ሁለታችሁም የምትጫወቱት ነገር አገኛችሁ።

ይህንንም ቢሆን አስቀድመህ ጠይቃት፤ ካራክተሯን ሳይሆን እሷን። «እንዲህ ያለ ነገር ባመጣ ይመችሻል?» በላት። እምቢ ካለች እምቢ ነው፤ ዳይሱን አታንሳ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊትም የማይነካው ነገር ምን እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ብዙ ቡድኖች የኤክስ ምልክት ያለበት ካርድ ጠረጴዛው መሃል ያስቀምጣሉ። አንድ ሰው ካርዱን ከነካ፣ ለምን ሳይባል ያ ነገር ይታለፋል።

አሁን ስልኩን ስትዘጋ ለልጅቷ ደውልላትና ይቅርታ ጠይቃት። ለነገ አታሳድረው።

«አዝማሪ ሆኜ መጫወት እፈልጋለሁ። ይቻላል?»

እንዴታ! ባርድ የሚባለው ሙያ ለአዝማሪ ልኩ ነው። በስድብ ብቻ ጠላትን የሚያቆስል አስማት ሁሉ አለው። በ2014ቱ እትም መጀመሪያ ላይ ጉዳቱ በባለ 4 ፊት ዳይስ ይወጣል፤ ስድቡ የሠራበት ሰው ቀጣይ ምቱም ይበላሽበታል። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሰርግና ምላሽ ነው። ግጥሙን ራስሽ ግጠሚ! ማሲንቆ ስለያዘ ብቻ ግን ካራክተር አይሆንም። ማንን ዘልፎ ነው ከአገሩ የሸሸው? ያ ሰው ቢያገኘው ምን ያደርገዋል? ከጓዶቹስ መካከል እሱን የደበቀው ማን ነው?

«ወንድሜ ካረፈ ዓመት አልሞላውም። በስሙና በጠባዩ ካራክተር ሠራሁ። ተጫውቼ በገባሁ ቁጥር እንቅልፍ አጣለሁ።»

እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ። የሚወዱትን ሰው እንዲህ ማስታወስ ነውር የለውም። አሳሳቁን ወይም የሚያዘወትራትን አንዲት ቃል ውሰጂ። ሙሉውን እሱን ግን ለዳይስ አትስጪው። አንድ ክፉ ቁጥር ቢወጣ ካራክተሩ ይሞታል፤ ያ ደግሞ ሌላ ሐዘን ነው። እንቅልፍ ማጣትሽ የእኔም የአጫዋቹም ሙያ አይደለም። የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግሪ። እስከዚያው ካራክተሩ ይቆይ፤ ጓደኞችሽም ምክንያቱን ቢያውቁ ጥሩ ነው።

«ካራክተሬ ሞተ። መንትያ ወንድሙን ይዤ ልምጣ?»

አይሆንም። ጓዶቹ ይቅበሩት። አዲሱን ደግሞ ብቻህን ቤት አትሥራው፤ ከእነሱ ጋር ቁጭ ብለህ ሥራው።