ደጋፊው ያልተወከለበት ድርድር፦ የ1994ቱ የቤዝቦል አድማ

[ምስል፦ በጠራራ ፀሐይ ባዶውን የቆመ ስታዲየም]

እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 1994 የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ ተጫዋቾች ሥራ አቆሙ። አድማው 232 ቀናት ፈጀ፤ ከ900 በላይ ጨዋታዎች ተሰረዙ። ከ1904 ወዲህ፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜ እንኳ ሳይቋረጥ የዘለቀው ዎርልድ ሲሪስ የተባለው የፍጻሜ ውድድርም በዚያ ዓመት ሳይካሄድ ቀረ። በዚህ ቪዲዮ የምንመለከተው የደጋፊው ቁጣ ከምን እንደመነጨና በማን ላይ እንዳረፈ ነው።

የጠቡ መነሻ የደመወዝ ጣሪያ ነበር። የክለብ ባለቤቶቹ በትናንሽ ከተሞች ያሉ ክለቦች ከኒው ዮርክና ከሎስ አንጀለስ ሀብታሞች ጋር መፎካከር እንዳልቻሉ በመግለጽ፣ አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በዓመት የሚከፍለው ጠቅላላ ገንዘብ ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ ጠየቁ። በዶናልድ ፌር የሚመራው የተጫዋቾች ማኅበር በበኩሉ፣ ጣሪያው አንድ ተጫዋች ውሉ ሲያልቅ ወደ ፈለገው ክለብ ሄዶ በገበያ ዋጋው የመደራደር መብቱን ከንቱ ያደርገዋል ሲል ተቃወመ። ማኅበሩ ባለቤቶቹን የሚጠራጠርበት በቂ ምክንያት ነበረው። በ1980ዎቹ ባለቤቶቹ ውላቸው ላለቀ ተጫዋቾች ተፎካክረው ዋጋ ላለማቅረብ በስውር መመሳጠራቸው ተረጋግጦ፣ በ1990 የ280 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈል ተገደው ነበር።

[ምስል፦ የውድድር ዘመኑ ወራት በሰንጠረዥ]

ብዙ ደጋፊ ያኔ የሚጠይቀው «ዓመቱን ጨርሰው ለምን አይደራደሩም?» እያለ ነበር። ተጫዋቾች ደመወዛቸውን የሚቀበሉት በውድድሩ ወራት ስለሆነ እስከ ኦገስት አብዛኛውን ወስደዋል፤ ባለቤቶቹ ግን ከቴሌቪዥን የሚያገኙት ትልቁ ገንዘብ የሚገባው በኦክቶበር ከሚደረጉት የመጨረሻ ጨዋታዎች ነው። በዚያ ላይ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ባለቤቶቹ ጣሪያውን በራሳቸው ውሳኔ ሊጭኑ ይችሉ ነበር፤ በዲሴምበር ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ስለዚህ አድማው ደጋፊው እጅግ በጓጓበት ወቅት የተጠራው በአጋጣሚ አልነበረም። የሁለቱም ወገን የመደራደር ኃይል የቆመው ደጋፊው ውድድሩን በመናፈቁ ላይ ሆኖ ሳለ፣ በድርድሩ ላይ እርሱን ወክሎ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። በእኔ እምነት የቁጣው ሥር ይህ ነው፤ «ደጋፊው የገንዘቡን ጉዳይ ስላልተረዳ ነው» የሚለው አስተያየት አያሳምነኝም።

የተቋረጠውም ተራ ዓመት አልነበረም። የሳን ዲዬጎው ቶኒ ግዊን የመምታት አማካዩ፣ ማለትም ኳስ ለመምታት ከሞከረባቸው ዕድሎች የተሳኩለት ድርሻ፣ 0.394 ደርሶ ነበር፤ በዚህ ሊግ ከ1941 ወዲህ 0.400 የደረሰ ተጫዋች የለም። በካናዳዋ ሞንትሪያል ደግሞ ኤክስፖስ የተባለው አነስተኛ ገቢ ያለው ክለብ 74 አሸንፎ በ40 ብቻ ተሸንፎ ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ነበር። ደመወዙ ከዝቅተኞቹ መካከል የሆነ ክለብ ሀብታሞቹን ሁሉ እየመራ ሳለ፣ ባለቤቶቹ «ትናንሾቹን ለማዳን» ብለው ያነሡት ጠብ ያንኑ ክለብ ከሜዳ አስቀረው። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

አድማው የቆመው የፍርድ ቤት ዳኛዋ ሶንያ ሶቶማዮር ማርች 31 ቀን 1995 ባለቤቶቹ የሥራ ደንቡን በራሳቸው ውሳኔ እንዳይለውጡ የሚያግድ ትእዛዝ ከሰጡ በኋላ ነው። ጨዋታው ሲመለስ በኒው ዮርኩ ሼይ ስታዲየም ሦስት ሰዎች «ስግብግብነት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ለብሰው ወደ ሜዳው ዘለቁና 160 ዶላር በባለ አንድ ዶላር ኖቶች በተጫዋቾቹ እግር ሥር በተኑ። ሌላው ደጋፊ ከቤቱ ባለመውጣት ተናገረ፤ በአንድ ጨዋታ በአማካይ ከ31,000 በላይ የነበረው ተመልካች ወደ 25,000 ገደማ ወረደ።

[ምስል፦ የተበተነ ገንዘብ በሣር ላይ]

ያ ገንዘብ የተበተነው ግን በተጫዋቾች እግር ሥር እንጂ በባለቤቶች ቢሮ ደጃፍ አልነበረም። የተጫዋች ደመወዝ በየጋዜጣው ይታተማል፤ አማካዩም ያኔ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ስለነበር በሰዓት ክፍያ የሚያድርን ሠራተኛ ማስቆጣቱ አይገርምም። የአብዛኞቹ ክለቦች የሒሳብ መዝገብ ግን ለሕዝብ ክፍት አይደለም። ከዚህም ሌላ ባለቤቱን ማንም ሜዳ ላይ አያየውም፤ ተጫዋቹ ግን በየቀኑ ፊት ለፊት ቆሞ ይጮኽበታል። ሁለቱም ወገኖች ተጠያቂ በሆኑበት ጉዳይ ላይ ሒሳቡ የተነበበው በአንደኛው ላይ ብቻ መሆኑ ትክክል አልነበረም።

ከሁሉም የከፋው ዕዳ የወደቀው በሞንትሪያል ላይ ነው። ክለቡ በኤፕሪል 1995 በጥቂት ቀናት ውስጥ ሦስት ምርጥ ተጫዋቾቹን ለሌሎች አሳልፎ ሰጠ፤ ሌላው ኮከቡ ላሪ ዎከርም ወደ ኮሎራዶ ክለብ ሄደ። ደጋፊው ቀስ በቀስ ራቀ፤ ከ2004 የውድድር ዘመን በኋላም ክለቡ ከተማውን ለቆ ሄደ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ከ2005 ጀምሮ የሚጫወተው ናሽናልስ ይኸው ክለብ ነው።

በ2021 መጨረሻ ባለቤቶቹ እንደገና በር ዘግተው ተጫዋቾቹን ለ99 ቀናት አግደዋል። ያኔ የተፈረመው ስምምነት የሚያበቃው ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ሲሆን፣ የደመወዝ ጣሪያው ጥያቄም እንደገና ተነሥቷል።